ማታ ቤዛዊት ላይ የሚያስለው ማን ነው?

ቤዛዊት ባሕር ዳር አጠገብ ያለ፣ ቤተ መንግሥት የተሠራበት ኮረብታ ነው፤ ከላይ ያለው ጥያቄም በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የውይይት ክር ሆኖ ብዙ መልስ አስከትሏል። ክሩን የከፈተው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር የባሕር ዳር ልጅ ነው። በአንድ የዕረፍት ቀን ልጆቹን ይዞ ፖይንት ሉክአውት ወደሚባል መናፈሻ ሄዷል። የፖቶማክ ወንዝ ከቼሳፒክ ወሽመጥ ጋር የሚገናኝበት፣ የመኪና መንገዱ አልቆ ውሃ የሚጀምርበት ጫፍ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ1830 የተሠራ የመርከብ መብራት ቤት አለ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ከ1863 እስከ 1865፣ አጠገቡ የጦር ምርኮኞች ሰፈር ነበር፤ ከ50 ሺህ የሚበልጡ የደቡብ ወታደሮች በድንኳን ታጉረውበታል፣ ሺዎችም በብርድና በበሽታ አልቀውበታል። መብራቱ በ1966 ከአገልግሎት ወጣ። ቤቱ ግን የማይታይ ሰው ይረማመድበታል የሚል ስም አተረፈ፤ ጎብኚውም ስሙን ሰምቶ ይመጣል እንጂ ስሙን ሰምቶ አይቀርም። ጸሐፊው ይህን ሁሉ የዘረዘረው አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ነበር፦ ቤዛዊት ምን ጎደላት?

ጥያቄው ውስጥ ክስ አለበት። የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ የሰማዕታት ሐውልቱን አልፎ የሚወጣበት ኮረብታ ላይ ወንዙን ቁልቁል የሚያይ የንጉሥ ቤት እያለን፣ ስለ እርሱ የምናውቀው እናቶቻችን ሲመሽ ወደ ቤት እንድንገባ የነገሩንን ብቻ ነው ሲል ጻፈ። በእርሱ ሰፈር ይወራ የነበረው፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነጭ የለበሰ ሽማግሌ በበረንዳው ላይ ይንሸራሸራል፣ የተጠጋ ሰውም ሲያስል ይሰማዋል የሚል ነው። ሐሳቡ የተወሳሰበ አይደለም። በሩ ይከፈት፤ ታሪኩን ከነተረቱ የሚያውቅ አስጎብኚ ይመደብ፤ አመሻሹ ላይ ጉብኝት ይኑር፤ ከገቢው የአካባቢው ወጣት ይጠቀም። በመሐል ግን ቤቱን ጣሊያን የሠራው አስመስሎ አንድ ዐረፍተ ነገር ጣል አድርጎ ነበር፤ ያቺ ዐረፍተ ነገር ብዙ ዋጋ አስከፍላዋለች።

ከዚህ በታች ያለው የመልሶቹ ፍሬ ነገር በራሴ አነጋገር ነው። ለሁሉም እኩል ቦታ አልሰጠሁም፤ እኩል ስላልነበሩ።

1ኛዋ መልስ ሰጪ በትሕትና ተስማማች። ተማሪ ሳለች ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ወጥታ፣ ከአጥሩ ውጭ ካለው ሜዳ ላይ ሆና ያየችውን ታስታውሳለች። በአንድ ወገን ጣና እስከ አድማሱ ተዘርግቶ፣ በሌላው ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ በደሴትና በቄጠማ መሐል እየተከፋፈለ ሲወርድ፣ ከተማዋም በዛፍ ተሸፍና ጣሪያዎቿ ብቻ ብልጭ ሲሉ ይታያል። ብርሃኑ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ እንደሚያምር መከረች። ስለ ሽማግሌው ሰምታለች፤ ለማየት ግን አልቆየችም።

2ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። መክፈቻውን የጻፈውን ሰው ልጄ እያሉ ነው ያረሙት፤ እርማታቸው ግን ለልጅ የሚሰጥ ዓይነት አልነበረም። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከአገር ተባሯል፤ የቤዛዊት ቤተ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው። የተሠራውም ባሕር ዳር ከሐይቅ ዳር መንደርነት ወደ ከተማነት ስታድግ በነበረበት ዘመን ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ ቆመ፤ ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ተከፈተ፤ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫም በ1956 ሥራ ጀመረ። መምህሩ እንደሚገምቱት የጣሊያን ስም ወደ ኮረብታው የወጣው ከፋብሪካው ካሳ ጋር ተምታቶ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን ሲወርዱ ቤቱ ገና አዲስ ነበር፤ ያደሩበት ሌሊት በጣት የሚቆጠር እንደሆነ ከተማው ያወራል። ከዚያ በኋላ ቤቱ ባለቤት አጥቶ ጠባቂ ብቻ ቀረለት። መምህሩ የጨመሩት አንድ ነገር አለ፤ ሰው የማይገባበት ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ለመንገር የሚቸኩለው፣ ማንም እንዳይገባ የሚፈልግ ሰው ነው። ክሩ ውስጥ ብዙ ቆይቶ የተባለው ሁሉ ከዚህች ነጥብ ብዙም አልራቀም።

3ኛው ፎቶ ማንሣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። 4ኛው እንደ ዘበኛው ይለያያል አለና አለፈ። እውነቱን ነው።

5ኛው መልስ ያልጠበቅሁት ሰው ጽሑፍ ነው። በኢትዮጵያ የንግድ መርከቦች ላይ ዕድሜውን ጨርሶ ባሕር ዳር የተቀመጠ መርከበኛ ነው፤ ስለ ቤዛዊት አንድ ቃል ሳይተነፍስ መክፈቻውን ስለ መብራት ቤቱ አረመው። ጸሐፊው ረጅም ማማ አስመስሎ የገለጸው የፖይንት ሉክአውት መብራት በእርግጥ መኖሪያ ቤት ነው፤ መብራቱ ያለው ጣሪያው ላይ በተተከለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ጠባቂ ጄምስ ዴቪስ ሥራውን በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተ፤ ልጁ አን ዴቪስ ሥራውን ተረክባ እስከ 1847 ድረስ መብራቱን ስታበራ ኖረች። ደረጃው ላይ ቆማ ትታያለች የሚባልላት ሴትም እርሷ ናት። መርከበኛው በመንፈስ አያምንም፤ ለአን ዴቪስ ግን ክብር አለው። ቀይ ባሕር ላይ ሌሊት ሲጓዙ እያንዳንዱ መብራት የራሱ የብልጭታ ልክ እንዳለው፣ ስንት ሴኮንድ በርቶ ስንት ሴኮንድ እንደሚጠፋ በካርታው ላይ እንደሚጻፍ፣ መርከበኛው ያንን እየቆጠረ የትኛው ዳርቻ ላይ እንዳለ እንደሚያውቅ አስረዳ። መብራቱን የሚያበራ ሰው አንድ ሌሊት ቢተኛ መርከብ ድንጋይ ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራች ሴት ሞታም ደረጃው ላይ ብትቆም አይገርመኝም ብሎ ጽሑፉን ጨረሰ፤ አላምንም ባለበት እጁ። ይህን መልስ ወድጄዋለሁ።

6ኛዋ ታዲያ ጣና ለምን እንዲህ ያለ መብራት የለውም ስትል ጠየቀች። 7ኛው መልስ ከጀልባ ነጂ መጣ። ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ይቆጣል፤ ነፋሱም የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ጀልባ በጠዋት ይወጣል፣ ማዕበል ሳይነሣ ይገባል። ወደ ጎርጎራ ይሄድ የነበረው የሳምንቱ መርከብም መንገደኛውን ቁንዝላ አሳድሮ በማግስቱ ይቀጥል እንደነበር አስታወሰ። ሌሊት የማይሄድ መርከብ መብራት አያስፈልገውም። ቢመሽበት ግን የሚያይበት ነገር አለው፤ የባሕር ዳር የመንገድ መብራት ከሩቅ ውሃ ላይ ይታያል፣ ከበስተኋላውም የቤዛዊት ኮረብታ ጥቁር ሆኖ ይቆማል። መብራት በሌለበት መብራት ቤት የሚሠራው ኮረብታው ነው ማለት ነው። ጀልባ ነጂው ይህን ያለው ለማሳመር አይደለም፤ አቅጣጫ ለማስረዳት ነው።

8ኛው ክሩን ወደ እምቦጭ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ስለ አረሙ ያልተጻፈበት የባሕር ዳር ውይይት የለምና ይህም አልቀረለትም። 9ኛው ደግሞ ከሐይቁ ውሃ የሚወስደው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በበጋ ምን ያህል እንደቀጠነ አማረረ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ስለ ቤዛዊት አይደሉም።

10ኛው መልስ ሁሉም የጠበቀው ነበር። አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ የራሱን ታሪክ ይዞ መጣ። አንድ ማታ ተሳፋሪ ከኮረብታው በታች አድርሶ ሲመለስ የባጃጁ ሞተር ጠፋበት፤ ወርዶ ሞተሩን ሲነካካ፣ ከመንገዱ በታች ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ከባድ ትንፋሽ ሰማ። ትንፋሹ ቆመ፤ ቀጥሎ አንድ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ያለ ድምፅ መጣ፣ ከዚያም የሳቅ ዓይነት። አሽከርካሪው ባጃጁን ትቶ በእግሩ ሮጠ፤ ጠዋት ሲመለስ ባጃጁ ባለበት ቆሟል፣ ሣሩ ግን ዙሪያውን ተረግጦ ተግጧል። ከዚያ ወዲህ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ወደዚያ የሚወስደው ገንዘብ አልተገኘም።

11ኛዋ ርኅራኄ አልነበራትም። የሚያስለው ሣር እንደሚበላ ራሱ ባለታሪኩ ነግሮን ሳለ እንዴት መንፈስ ይሆናል ብላ ጠየቀች። ጉማሬ ነው አለች፤ ሁለተኛም ጉማሬ ነው አለች።

12ኛው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ አነጋገሩ ለስለስ ያለ፣ የያዘው ግን ከሁሉ የከበደ። ቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ የዋለ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ ክብደቱ ከአንድ ቶን ተኩል ሊያልፍ ይችላል፣ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሣር ይግጣል። አወጣጡ እንዳሻው አይደለም፤ የለመደው መንገድ አለው፣ በዚያው ይወጣል፣ በዚያው ይወርዳል። ሰው የሚሞተው መንገዱ ላይ በእርሱና በውሃው መካከል ሲገባ ነው፤ ጉማሬ የተዘጋበት ሲመስለው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የዘጋውን ረግጦ ማለፍ። በአጭር ርቀት ሰው አያመልጠውም። ዓሣ አጥማጁ ማታ መረብ ጥሎ ሲመለስ በባትሪ መጀመሪያ የሚያየው ውሃውን ሳይሆን ዳርቻውን ነው። አባቶቹ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩና በጥንት ጊዜ ጉማሬ የሚያድኑ ወይጦዎች ናቸው፤ በእነርሱ ቤት ልጅ የሚፈራው ጋኔን ሳይሆን በጭቃ ላይ የታተመ ትኩስ የጉማሬ ዱካ ነው። ባጃጁን ትቶ መሮጡ ግን ልክ እንደነበረ ለአሽከርካሪው መሰከረለት፤ የሮጠው ወደ ወንዙ ባለመሆኑም አመሰገነለት።

እኔ ከዚህ በኋላ ስለ ሽማግሌው የሚከራከር ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። 13ኛው መልስ ላይ ግን አሽከርካሪው ተመልሶ፣ ጉማሬ በረንዳ ላይ ነጭ ለብሶ አይንሸራሸርም ሲል ጻፈ። ይህም ክርክር ነው።

14ኛው ዲያቆን ነው፤ የክሩ ድምፅ የተቀየረው በእርሱ ነው። ይህ ሁሉ የመናፍስት ወሬ ኃጢአት እንደሆነ፣ በሙት ስም ትኬት መሸጥ ደግሞ የባሰ እንደሆነ፣ ታሪክ ማየት የፈለገ ሰው ጀልባ ተሳፍሮ ዘጌ ሄዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እንዲሳለም ጠንከር አድርጎ ጻፈ። መክፈቻውን የጻፈውን ሰው እንደ ባዕድ አገር ሰው አድርጎ ማቅረቡ ግን አስፈላጊ አልነበረም። የባሕር ዳር ልጅ ሜሪላንድ ስለኖረ የባሕር ዳር ልጅነቱ አይፋቅም።

15ኛው መልስ ለዲያቆኑ የተሰጠ ነው፤ ከክሩ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝም ይህ ነው። ጸሐፊዋ ነገሩን ከሌላ በኩል ያዘችው። ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ላይ የነገሥታት አስከሬን በሣጥን ተቀምጦ አለ፤ ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ፋሲለደስ እንደሚገኙበት ይነገራል። ጎብኚ ያያቸዋል፣ መነኩሴ በአጠገባቸው ያልፋል፣ ሌሊት ማሕሌት ይቆማል። ደሴቲቱን መንፈስ ያለባት ያለ ሰው ግን ሰምታ አታውቅም። ቤዛዊት ደግሞ ማንም አልተቀበረባትም፤ አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም፣ ግን ሰው ይፈራታል። ስለዚህ የሚያስፈራው የሞተ ሰው አይደለም ባይ ናት። ዳጋ ላይ በየሌሊቱ የሚነቃ ሰው አለ፤ ቤዛዊት ላይ የሚነቃው ዘበኛው ብቻ ነው፣ እርሱም ከነቃ። የፖይንት ሉክአውቱን ነገርም አነሣች፤ ምርኮኞቹ ሲያልቁ መብራት ቤቱ ጠባቂ ነበረው፣ ሥራውም አልተቋረጠም፤ መብራቱ ሲጠፋና ሰው ሲወጣ ግን ቤቱ ለወሬ ተተወ። ይህን ሳነብ የመምህሩን ነጥብ ሌላ ሰው በሌላ መንገድ እንደደረሰበት ታየኝ፤ እርሷ መምህሩን አልጠቀሰችም፣ ምናልባት አላነበበችውም።

16ኛዋ ሣቅ ይዛ ገባች፤ ሣቁ ውስጥ ግን ምሬት አለ። ዳጋ ሴት አይገባም፣ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ስለዚህ የነገሥታቱን ሣጥን አይታ ለመፍራትም ላለመፍራትም ዕድል አላገኘችም። ቤዛዊት ላይ የተከለከለችው ግን በሥርዓት ሳይሆን በዘበኛ ነው፤ በሥርዓት መከልከል ክብር አለው፣ በዘበኛ መከልከል ግን ለወንዱም ለሴቱም እኩል ነው ብላ አሾፈች። ዲያቆኑ በ17ኛው መልስ እኅቴ ብሎ ጀምሮ፣ ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ሴት እንደሆነች፣ ዘጌም ለሁሉ ክፍት እንደሆነ አስታወሳት። ከመጀመሪያው መልሱ ይህኛው በጣም ይሻል ነበር።

18ኛው መልስ ላይ ነገሩ ተበላሸ። አንድ ሰው በደርግ ዘመን ቤዛዊት ላይ ስለተፈጸመ ነገር የሰማውን ወሬ ጻፈ። ማን እንደነገረው፣ መቼ እንደሆነ፣ ማን ላይ እንደደረሰ የለም። 19ኛው ማስረጃ ጠየቀ። 20ኛው፣ ወሬውን የጻፈው ሰው ተመልሶ፣ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ማንን እንደሚጠቅም አውቃለሁ የሚል ዓይነት ስድብ ወረወረ፤ እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲባባሉ የነበሩት ሰዎች በዚያችው ገጽ ላይ አንተ መባባል ጀመሩ። ወሬውን እዚህ አልደግመውም። በዚያ ዘመን በዚህ አገር ሰው መጥፋቱ ሐቅ ነው፤ ሐቅ ስለሆነም ነው ስም፣ ቀንና ቦታ የሚያስፈልገው። ለማስፈራሪያ የሚነገር የመንፈስ ተረትና እናት ልጇን ያጣችበት ታሪክ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። 21ኛው የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው፤ ሁለቱንም ገሥጾ ቀጥሉ አለ።

22ኛው፣ አየሩን ለመቀየር ይመስለኛል፣ ቤዛዊት እንኳ ምን አላት ብሎ ወደ ጎርጎራ ወሰደን። ከሐይቁ ሰሜን ዳርቻ ማርያም ግምብ የሚባለውን የድንጋይ ፍርስራሽ ያየ ሰው ስለ ቤዛዊት አይጽፍም ባይ ነው። ግድግዳው ላይ የተቀረጹት አበቦች ገና አሉ፤ ጣሪያው ወድቋል፤ ሣርና ቁጥቋጦ ውስጡ በቅሏል። የሠራውም ከኢየሱሳውያኑ የካቶሊክ ሚስዮናውያን አንዱ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ እንደሆነ በልበ ሙሉነት ጻፈ። መምህሩ 23ኛው ላይ ተመለሱ። ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 ሞቷል፤ ጎርጎራ ላይ ቀደም ብሎ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ማሠራቱ እውነት ነው፣ ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ ግን ከእርሱ ሞት በኋላ በሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያኑ ያቆሙት ነው። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ፣ ሕንጻውም ባለቤት አጣ። መምህሩ እዚህ ላይ ከሐይቁ ደቡብና ከሐይቁ ሰሜን ያሉትን ሁለት ቤቶች አስተያዩ፤ ሁለቱም ንጉሥ ከዙፋን በወረደ ጊዜ ነው ባዶ የቀሩት፣ በመካከላቸው ከ340 ዓመት በላይ አለ። ጎርጎራ ላይ ግን የሚያስል ሽማግሌ ሲባል አልሰሙም። ከፍርስራሹ ራቅ ብሎ ደብረ ሲና ማርያም ስላለች ይሆን ብለው 15ኛዋን ጸሐፊ ጠየቁ፤ ለካ አንብበዋታል። መልስ አልሰጠችም።

ከዚያ 24ኛው መልስ መጣ፤ አንድ መሥመር ብቻ ነበር። መክፈቻውን የጻፈው ሰው ለመሆኑ የፖይንት ሉክአውት መብራት ቤት ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ጠየቀ።

25ኛው የባለቤቱ መልስ ነው። አልገባም። በሄደበት ቀን ቤቱ ዝግ ነበር፤ ዙሪያውን ታጥሯል፤ ያየው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ነው። ልጆቹ ፎቶ አንሥተዋል፣ ሸርጣን ፈልገዋል፣ ተመልሰዋል። መልሱን የጻፈው ሳይሸማቀቅ ነው፤ ልዩነቱ በሩ ላይ አይደለም ሲል ተከራከረ። አሜሪካኖቹ ቤቱ በተዘጋበት ቀን እንኳ መናፈሻውን ክፍት አድርገው፣ የካምፑንና የመብራቱን ታሪክ በሰሌዳ ጽፈው አቁመዋል፤ ጎብኚ አጥር አጠገብ ቆሞ የሚያነበው ነገር አለው። ቤዛዊት ላይ አጥሩ አጠገብ የቆመ ሰው ማንበብ የሚችለው የዘበኛውን ፊት ነው። እንግዲህ በሩ ይከፈት ያለው ሰው ጥያቄውን ወደ አንድ ሰሌዳ ዝቅ አደረገው። ልክ ነው ብዬ አስባለሁ። በር ለመክፈት ስንት ቢሮ እንደሚዞር ለሚያውቅ ሰው ሰሌዳ ትልቅ ነገር ነው፤ የምትጻፍበት ታሪክ ደግሞ እዚሁ ክር ላይ በመምህሩ እጅ ተጽፋ አልቃለች።

26ኛዋ አሁን ባሕር ዳር የምትኖር ናት፤ የውጭውንም የውስጡንም ጸሐፊዎች ወደ መሬት መለሰቻቸው። የአመሻሽ ጉብኝት የሚባለውን ነገር ከተማው የሚያውቀው በሰላሙ ጊዜ ነው፤ ባለፉት ዓመታት ሰው ሰዓት እየተመለከተ ነው የሚኖረው፣ ፀጥታው ሲደፈርስ በጊዜ ይገባል። እዚህ የሚመሽበት ሰው የሚፈራው ያ ብቻ አይደለም፤ ግን ሽማግሌውም አይደለም። ከዚህ በላይ አልጻፈችም፤ አስተዳዳሪውም ከዚህ በላይ እንዳይጻፍ ለመነ። ያም ሆኖ ቀን ቀን መውጣት ለሚፈልግ የሚሆን ምክር ሰጠች። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ በእግር መሻገር ራሱ ጉብኝት ነው። ከድልድዩ ላይ ወደ ታች ሲያዩ ርኩሞች በውሃው ላይ ሲንሳፈፉ፣ ዕድል ካለም የጉማሬ ጆሮ ብቅ ሲል ይታያል። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ መውጣት፤ ውሃ መያዝ፤ መታወቂያ መያዝ፤ ዘበኛውን ቀድሞ ሰላም ማለት፤ ካሜራውን ሳይፈቀድ አለማውጣት። ከ11 ሰዓት በፊት መውረድ።

27ኛው አስጎብኚ ነው። ፈረንጆችን ወደዚያ ሲያወጣ ስለ ሽማግሌው ይነግራቸው እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አልነግርም የሚል ነው፤ የሚነግራቸው ስለ ጉማሬው ነው፣ ምክንያቱም ጉማሬው ከታየ ጉርሻ አለ፣ ሽማግሌው ግን ታይቶ አያውቅም።

28ኛው ላይ መክፈቻውን የጻፈው ሰው ለጥምቀት እንደሚመጣ ገለጸና አብሮት የሚወጣ ካለ ጠየቀ። 1ኛዋ መልስ ሰጪ እመጣለሁ አለች። መምህሩ ጉልበታቸው ከፈቀደ፣ ካልፈቀደም ባጃጅ ከተገኘ እንደሚመጡ ጻፉ። ዓሣ አጥማጁ በዚያ ሰሞን ውሃው ላይ ስለሚሆን ከታች እጁን እንደሚያወዛውዝላቸው ቃል ገባ። 11ኛዋ የባጃጅ አሽከርካሪው እንዲያወጣቸው ሐሳብ አቀረበች፤ ለማሾፍ ነበር፣ እርሱ ግን በቁም ነገር ወሰደው። በቀን ያወጣቸዋል፤ ኮረብታው ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃቸዋል፤ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ማንም ይቅር ማን ይወርዳል። ለዚህ የጠየቀው ዋጋ የመደበኛውን ሦስት እጥፍ ነበር። መምህሩ ሞተሩ ሳይጠፋ ለሚቃጠለው ቤንዚን እንጂ ለሽማግሌው እንደማይከፍሉ ገለጹለት፤ አሽከርካሪው ሽማግሌውን ከሒሳቡ ቀንሶ ሁለት እጥፍ አለ። ከዚያ ወዲህ ክሩ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ዋጋው ነው።